በወንድሜ ስም

ኮፒ ቤታችን ዲላ ውስጥ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ነው። እንተይባለን፣ ኮፒ እናደርጋለን፣ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ አትመን እንጠርዛለን፣ በኢንተርኔት መመዝገብ ያቃተውን እናስመዘግባለን። የምንሠራው እኔና የአክስቴ ልጅ ነን። እሷ የአንድ ልጅ እናት ናት፤ በቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናት፤ በእጇ ፍጥነት የሚያክላት የለም። ሦስተኛው ሰው ታናሽ ወንድሜ ነበር። «ነበር» ስል እናቴ ብትሰማኝ ትቆጣለች፤ ግን ሌላ ምን እንደምል አላውቅም።

ወንድሜ ኮምፒውተር ተምሮ ሥራ ሲያጣ ነው ቤቱን የከፈትነው። በመጀመሪያው ዓመት ተማሪዎች በፍላሽ የሚያመጡት ቫይረስ ማሽኖቻችንን ጨረሰብን። አንድ ቀን ተናዶ በማሽኖቹ ላይ የነበረውን ሁሉ አጠፋና በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ጫነባቸው። ደንበኞች መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ኋላ ለመዱት። ቫይረሱም ቀረ።

ሊኑክስ ላይ ተራ ተጠቃሚ የማሽኑን ሆድ ዕቃ መንካት አይፈቀድለትም። መጻፍ፣ ማተም፣ ኢንተርኔት መክፈት ይችላል። አዲስ ፕሮግራም ልጫን፣ ፕሪንተር ልቀይር ካለ ግን የማሽኑ አለቃ የሚባለውን ስም ሥልጣን ለአንዲት ትእዛዝ ያህል መዋስ አለበት። ይህን ሥልጣን የሚያውሰው ፕሮግራም ሱዶ ይባላል። ለማን፣ ምን ያህል እንደሚያውስ ደግሞ በአንድ የደንብ ፋይል ይጻፍለታል። ወንድሜ ይህን ፋይል ይወደው ነበር። እኩዮቹ ኳስ ሲያዩ እሱ ደንብ ይጽፋል። እኔ ፕሮግራም መጫን እችላለሁ፤ ማጥፋት ግን አልችልም። የአክስቴ ልጅ የቆመ ፕሪንተር ማስነሣት ትችላለች፤ ከዚያ ወዲያ ምንም። ለአንዳንዱ ትእዛዝ የይለፍ ቃል ይጠየቃል፤ ለአንዳንዱ አይጠየቅም። ሁሉን የሚችለው የእሱ ስም ብቻ ነበር። ለምን እንዲህ ታወሳስበዋለህ ስለው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይለኛል። ሁለት ሴቶችና አንድ አሮጌ ፕሪንተር ባሉበት ቤት ማንን እንደሚጠረጥር አይገባኝም ነበር።

የቡና ወቅት ሲደርስ ወንድሜ በይርጋጨፌ በኩል ወዳለችው አሪቻ ሄዶ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ይሠራል። ያኔ ከወናጎ ወይም ከይርጋጨፌ አንድ ዘመድ መጥቶ በእሱ ቦታ ይቀመጣል። ለመጣው ሁሉ አዲስ ደንብ ይጻፍለታል። ዘመዱ ሲመለስ ግን ደንቡ አይሰረዝም። እኛ ዘንድ ስም መሰረዝ ቀላል ነገር አይደለም። ከእድር የተሰረዘ ሰው ምን አጥፍቶ ነው እየተባለ ሲወራበት ይኖራል። ዘመድን መሰረዝማ ዳግም ቤቴ አትምጣ እንደማለት ነው። ወንድሜ ያን ሁሉ ጥርጣሬ ይዞ አንድ ዘመድ እንኳ ለመሰረዝ ድፍረቱን አላገኘም። ፋይሉ በየዓመቱ እየረዘመ ሄደ።

አሪቻ ሳለ ፕሪንተሩ ሲያስቸግረን እደውልለታለሁ። እዚያው ቡናው መሀል ቆሞ በስልኩ ወደ ማሽናችን ይገባል፤ የሆነ ነገር ይነካካል፤ እዚህ ፕሪንተሩ ጉርር ብሎ ይነሣል። እናቴ አንድ ቀን ይህን አይታ እንዴት እንደሳቀች ትዝ ይለኛል። ልጇ ወረቀቱን ከጀርባ ሆኖ የገፋው ይመስል ፕሪንተሩን ዞራ አየችው።

ከዚያ ሄደ። በሞያሌ በኩል፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ። መንገዱ በዲላ መሀል ስለሚያልፍ ልጆቻችን ሲሄዱ ከደጃችን ነው የሚሳፈሩት። አንድ ጊዜ ከኬንያ ደወለ። ሌላ ጊዜ የት እንዳለ ሊነግረን ሲጀምር መስመሩ ተቋረጠ። አብሮት የነበረ አንድ ልጅ ከደረሰ በኋላ ለቤተሰቦቹ ጫካ ውስጥ መለያየታቸውን ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለት የቡና ወቅት አልፏል። እናቴ እስከ ዛሬ ስትጸልይ «መንገደኛው ልጄ» ነው የምትለው። በእድርም ስሙ እንዳይሰረዝ ድርሻውን እሷ ትከፍልለታለች። እኔም ብሆን ማሽኑ ላይ ያለውን ስሙን አልነካሁም። ማን ይነካዋል?

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፕሪንተሩ ቆመ። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሊያስገቡ ተሰልፈዋል። ሞከርኩ፣ ነቀልኩ፣ ሰካሁ፤ እንቢ አለ። እኔ ደግሞ ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ የዲላ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነገ ባለሙያ ከሐዋሳም ቢሆን አስመጣለሁ ብዬ ለተማሪዎቹ ነገርኳቸውና እየተነጫነጭኩ ቀድሜ ወጣሁ። የአክስቴ ልጅ ዘግታ ወጣች።

ዓርብ ጠዋት ብቻዬን ነበርኩ። የአክስቴ ልጅ ልጇ አሟት ጤና ጣቢያ እንደምትወስዳት በስልክ ነግራኛለች። ዋናውን ማሽን ስከፍት ከእሱ ጋር የተያያዘው ፕሪንተር ደህና ሆኖ ጠበቀኝ፤ አንድ ገጽ አዘዝኩት፣ አወጣልኝ። ማን ነካው? የአክስቴ ልጅ እንዳልል፣ ማስነሣት ብቻውን ትናንት አልረዳም፤ ከዚያ ያለፈውን ደግሞ ደንቡ አይፈቅድላትም። ደንቡን እንደዚያ አምኜው ነበር። ማሽኑ በተዋሰ ሥልጣን የተሠራውን ሁሉ ከሠሪው ስም ጋር እየመዘገበ ያስቀምጣል፤ እሱን ከፈትኩ። የወንድሜ ስም ነው። ቀኑ የትናንት። የፕሪንተሩን ፕሮግራም አውጥቶ እንደገና ጭኖታል፤ ልክ ከአሪቻ ሆኖ እንደሚያደርገው።

ወንበሩን ይዤ ቆምኩ። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አለ፣ በሕይወት አለ፣ ከአንድ ቦታ ሆኖ ገብቶ አይቶናል። ቤቱን ዘግቼ ባጃጅ ያዝኩና ወደ እናቴ በረርኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእኔ ነው፤ ግን ያን ቀን እህት ሆኖ የማይቸኩል ካለ ልየው።

እናቴ ጓሮ እንሰቱ ሥር ነበረች። እንደነገርኳት አልጮኸችም። በእጇ የያዘችውን ቢላዋ መሬት ላይ አስቀመጠችና እዚያው ቁጭ አለች።

«ምን አለ?» አለችኝ።

ምንም እንዳላለ፣ ፕሪንተሩን ብቻ እንዳስተካከለ ነገርኳት።

«ሥራውን ያልረሳ ሰው ጤነኛ ነው» አለች፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

ያን ቀን የድሮ ቁጥሩን ስደውል ዋልኩ። ቁጥሩ እንደ ወትሮው አይሠራም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአክስቴ ልጅ ሥራ ገብታ ሳለች ከየት አገር ሆኖ እንደገባ ለእናቴ ልንገራት ብዬ መዝገቡን እንደገና ከፈትኩት። ዓርብ ዕለት ያነበብኩት የእሱ ስም ያለበትን መስመር ብቻ ነበር። አሁን ከእሱ በላይ ያለውን መስመር አነበብኩ። ከሩቅ የገባ ሰው የለም። በሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በአክስቴ ልጅ ስም ወደ ዋናው ማሽን የገባ ሰው ወደ ወንድሜ ስም ተሻግሯል። ቀና ብዬ ሁለተኛውን ጠረጴዛ አየሁት። የአክስቴ ልጅ የሰው ማመልከቻ እየተየበች ነው።

«ሐሙስ ማታ ፕሪንተሩን ማን ሠራው?»

እጆቿ ቆሙ። «እኔ ነኝ፣ እትዬ። ደንቡ ለእኔ አይፈቅድም። አንቺን ደውዬ እንዳልጠይቅሽ ተቆጥተሽ ነበር የወጣሽው። የእሱን የይለፍ ቃል ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን።»

እውነቷን ነው። የይለፍ ቃሉ እናቴ በልጅነቷ የምትጠራበት ስም ነበር። ያን ሁሉ የተቆላለፈ ደንብ ጽፎ ዋናውን ቁልፍ ቤተሰቡ ሁሉ በሚያውቀው ስም ዘጋው። እሱ ከሄደ ወዲህ የአክስቴ ልጅ የሚከለክላት ነገር በገጠማት ቁጥር በእሱ ስም እየገባች ስትሠራ ኖራለች። የእኔን ኩርፊያ ከመጋፈጥ የሌለን ሰው ስም መዋስ ቀሏታል።

ጮኽኩባት። ምን እንዳልኳት አልደግመውም፤ ማመልከቻ የሚያስጽፈው ሰውዬ ወረቀቱን ትቶ ወጣ። ዓርብ ለእናቴ ምን እንደነገርኳት ስነግራት ፊቷ ተለወጠ፤ ሁለት እጆቿን አፏ ላይ ጫነች። ከዚህ በላይ ምን እላታለሁ? ፕሪንተር ነው የጠገነችው።

ወደ ማታ እናቴ ቤት ሄድኩ። ቤቱ በጸሎት ቡድኗ ሴቶች ሞልቷል፤ ሁሉም ይዘምራሉ። እናቴ መሀላቸው ተቀምጣ አዲስ ሙሽራ መስላለች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፌን መክፈት አቃተኝ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሳትሄድ ብቻዋን አገኛታለሁ አልኩና ተመለስኩ። ጠዋት ስደርስ ቀድማኝ ሄዳለች።

እኛ ቤተ ክርስቲያን ከስብከቱ በፊት ምስክርነት ያለው ሰው ተነሥቶ ይናገራል። የታመመ የዳነለት፣ የጠፋበት የተገኘለት፣ ፈተና ያለፈ ይቆምና እግዚአብሔር ያደረገለትን ይናገራል። እናቴ ከፊት ተቀምጣለች፤ እኔ ከኋላ ነኝ። ሰዎቹን አልፌ እስክደርስባት ተነሣች።

«ልጄ በሕይወት አለ» አለች። «ሩቅ ሆኖ የእህቱን ሥራ አስተካከለላት። ጠፋ ያላችሁኝ ሁሉ ስሙት።»

እልልታው ጣሪያውን ነቀነቀው። አጠገቤ ያሉት ሴቶች አቀፉኝ። መጋቢው እህቱም ትቁም አለ፤ ቆምኩ። ምን ላድርግ? ከዘማሪዎቹ መሀል የአክስቴን ልጅ አየኋት። ሌሎቹ ሲዘምሩ ከንፈሯ አይንቀሳቀስም፤ መሬት መሬት ታያለች። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት የፈራሁበት ሰዓት የለም።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መንገድ ላይ ነገርኳት። እንኳን ደስ ያለሽ ባዮቹ እስኪርቁ ጠብቄ፣ ክንዷን ይዤ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። እናቴ አላለቀሰችም።

«በእሱ ስም?» አለችኝ።

«በእሱ ስም።»

ክንዷን ከእጄ አወጣችና መንገዷን ቀጠለች። ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም። የምሥራቹን የሰሙ ሰዎች ቤቷ እየመጡ እንኳን ደስ ያለሽ ሲሏት ታስተናግዳቸዋለች፤ እውነቱን ለአንዳቸውም አትናገርም። እኔ ይህን እሰማለሁ፤ ሄጄ ለመናገር ግን ነገሩ የእሷ ነው።

ሰኞ ጠዋት ንዴቴን በማሽኑ ላይ አወጣሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በሉኝ። ወንድሜ በአንድ ወቅት፣ ደንብ የመጻፍ ፍቅሩ ሳይበርድለት፣ ሰነፎች የሚጠቀሙበት ብሎ የቀለደበት ትንሽ ፕሮግራም ነበር፤ ዱአስ ይባላል። እንደ ሱዶ ሥልጣን ያውሳል፤ ግን ብዙ ነገር አይችልም፤ ብዙ ነገርም አይጠይቅም። የደንብ ፋይሉ ለአንድ ሰው አንድ መስመር ነው። መስመሩ ፐርሚት በሚል ቃል ይጀምራል፤ ፍቀድ ማለት ነው። ከዚያ የሰውየው ስም ይከተላል፤ አለቀ። እኔም ሰነፍ ልሁን አልኩ።

ሥራው ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሱዶን አስቀድሞ ያጠፋ ሰው ከገዛ ቤቱ ውጭ ቆልፎ እንደ ወጣ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ እኔም ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ በወንድሜ ስም ገብቼ ለማሽኑ አለቃ የራሱን የይለፍ ቃል ሰጠሁት። አንድ መስኮት በአለቃው ሥልጣን ከፍቼ ሥራው እስኪያልቅ አልዘጋሁትም። ከዚያ ዱአስን ጫንኩና ደንቡን ጻፍኩ፤ ለእኔ አንድ መስመር፣ ለአክስቴ ልጅ አንድ መስመር። በመጨረሻው መስመር ላይ ኢንተር ካልተመታ ፋይሉን አይቀበልም፤ እሱም አንድ ጊዜ አስጮኸኝ። የአክስቴን ልጅ ጠራኋትና በራሷ የይለፍ ቃል አስሞከርኳት። ሠራ። እኔም ሞከርኩ፣ ሠራ። ሱዶን አወጣሁት። እነዚያ የወናጎና የይርጋጨፌ ዘመዶች ሁሉ አብረው ወጡ። ሳያውቁት ለወጡት ዘመዶች እንኳ ልቤን ትንሽ ቅር አለው።

የወንድሜ ተራ ሲደርስ እጄ ከቁልፎቹ ላይ ተነሣ። ስዕሎቹ፣ ዘፈኖቹ፣ የጀመራቸው ጽሑፎች ያሉበትን ፎልደር አልነካሁም፤ እንዳለ ነው። የይለፍ ቃሉን ግን ቆለፍኩት። በእሱ ስም ከእንግዲህ ማንም አይገባም። ሁሉም ከምሳ በፊት አለቀ። ወንድሜ ስንት ቅዳሜና እሁድ የፈጀበት ነገር ነበር። የገረመኝ ይህን እስከዚያ ድረስ አለማሰቤ ነው፦ ሰውን የሚያስፈልገውን ስትነፍገው ሥራውን አይተውም፤ በተፈቀደለት ሰው በር ይገባል። በእኛ ቤት ደግሞ የተፈቀደለት ሰው ማንም የማያገኘው ሰው ነበር።

ወሬው በአክስቴ በኩል እናቴ ጆሮ ደረሰ። በዚያው ሳምንት ዝናብ እየዘነበ ኮፒ ቤቱ መጣች። ጃንጥላዋን በር ላይ አራግፋ የደንበኞች አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። የአክስቴ ልጅ ተነሥታ አንገቷን ደፍታ ሰላም አለቻት፤ እናቴም ሳመቻት፣ የልጇን ጤና ጠየቀቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እናቴ ስትናደድ አማርኛ ትተዋለች፤ በጌዴኦኛ ነው ያናገረችኝ።

«ስሙን አወጣሽው አሉኝ። ማን ፈቀደልሽ?»

ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ስለ ማሽኑ ደህንነት፣ ስለ ደንቡ፣ ደግመን እንዳንታለል።

«ማንም» አልኳት። «ማንም አልፈቀደልኝም፣ እማ።»

አሳዪኝ አለች። ፋይሉን ከፈትኩላት። እናቴ መጽሐፍ ቅዱሷን ታነባለች፤ የፈረንጅ ፊደል ግን አታውቅም። ሁለቱን መስመሮች በጣቷ ሳትነካ ተከተለቻቸው። የእሱ የትኛው ነው ብላ ጠየቀችኝ። አንዱን መስመር ባሳያት ታምነኝ ነበር። ይህ እንዴት ቀላል እንደሆነ ሳስብ እስከ አሁን እደነግጣለሁ።

«ይቺ እኔ ነኝ። ይቺ እሷ ናት። የእሱ የለም።»

በዚህ መሀል ፕሪንተሩ እንደ ልማዱ ቆመ። የአክስቴ ልጅ እኔን አየችኝ፤ ራሴን ነቀነቅኩላት። ትእዛዙን ጻፈች፣ የይለፍ ቃሏን አስገባች፣ ፕሪንተሩ ተነሣ። እናቴ ከወረቀቱ ላይ ዓይኗን አላነሣችም።

«አሁን በማን ስም ነው?» አለች።

«በራሷ።»

«በራሷ ይሁን።» ነጠላዋን አስተካከለች። «እሱ በሌለበት ስሙን ስታሠሩት ከረማችሁ። አሁን ስሙን አታድክሙት።» ከዚያ ጠየቀችኝ። «ሲመጣስ?»

«ሲመጣ አንድ መስመር እጽፍለታለሁ።»

«አንድ? እሱ እኮ ሌሊቱን ሁሉ ነበር የሚጽፈው።»

«አሁን አንድ ይበቃል፣ እማ።»

«እንግዲያው ቦታውን ተይለት።»

ከሁለታችን ስም ሥር ኢንተር መታሁና አንድ መስመር ባዶ ተውኩ። ጠቋሚዋ ወደ ታች ስትወርድ እናቴ አየቻት። ባጃጅ ልጥራልሽ ስላት እንቢ አለች፤ ጃንጥላዋን ዘርግታ በዝናቡ ውስጥ ሄደች።

በተከታዩ እሁድ ምስክርነት ያለው ሲባል እናቴ እንደገና ቆመች። ልጇ እንዳልተገኘ፣ ያን ቀን የተናገረችው ስህተት እንደነበረ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግራ ተቀመጠች። ስህተቱ የማን እንደሆነ አልተናገረችም። እልል ብለው የነበሩት ሴቶች የሚገቡበት ጠፋቸው። የአክስቴ ልጅ ከዘማሪዎቹ መሀል ወጥታ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

ዱአስ ፋይሉን ሲያነብ ባዶ መስመር ላይ አይቆምም፤ እንደሌለ ቆጥሮት ያልፋል። እናቴ ግን አሁንም ወደ ገበያ ስትወርድ ጎራ ትላለች። አትቀመጥም። በሩ ላይ ቆማ ቦታው እንዳለ ትጠይቀኛለች። አለ እላታለሁ።